ምግብን ከብልሽት የሚከላከሉ መጠቅለያዎችና የሚሹት ቁጥጥር

እ.ኤ.አ. በ2017 እና 2018 በደቡብ አፍሪካ የተከሰተው የሊስቴሪያ ወረርሽኝ ከ1 ሺህ በላይ ሰዎችን ለሕመም፣ ከ200 በላይ የሚሆኑትን ደግሞ ለሞት ዳርጓል። መነሻውም ተዘጋጅቶ የታሸገና እንደገና ሳይበስል የሚበላ የሥጋ ውጤት እንደነበር በምርመራ ተረጋግጧል። ሊስቴሪያ ከብዙዎቹ ባክቴሪያዎች የሚለየው በማቀዝቀዣ ውስጥም መራባት መቻሉ ነው። በዚህም ምክንያት የምግብ ሳይንስ ባለሙያዎች ቅዝቃዜን የሚያግዝ ተጨማሪ መከላከያ ሲፈልጉ ቆይተዋል። ከእነዚህም አንዱ ተፈጥሯዊ ማቆያ ንጥረ ነገሮችን ቀስ በቀስ የሚለቅ ስስ መጠቅለያ ነው።

የተለመደው ማሸጊያ ተግባሩ አየርን፣ እርጥበትንና ቆሻሻን ማገድ ብቻ ነው። አዲሱ ግን ማቆያውን በውስጡ ይዞ በምግቡ ገጽ ላይ በጥቂት በጥቂቱ ያሳርፋል። ማቆያውን በቀጥታ ከምግቡ ጋር መቀላቀል የቀለለ ቢመስልም ችግር አለው፤ ንጥረ ነገሩ ከስብና ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ኃይሉን በአጭር ጊዜ ሊያጣ ይችላል። በሌላ በኩል በታሸገ ሥጋና አይብ ላይ ባክቴሪያው በአብዛኛው የሚራባው በገጹ ላይ በመሆኑ፣ አነስተኛ መጠን በትክክለኛው ስፍራና ለረጅም ጊዜ ማድረስ የተሻለ ውጤት ያስገኛል።

ለዚሁ ተግባር ከሚውሉት መካከል ኒሲን ይገኛል። ኒሲን በወተት ውስጥ ከሚገኝ ባክቴሪያ የሚመነጭ ሲሆን፣ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት የጋራ የባለሙያዎች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ለምግብ አገልግሎት ተቀብሎታል። ከቅርንፉድ፣ ከቀረፋና ከጦስኝ የሚወጡ ዘይቶችም በስፋት ተጠንተዋል። ቅቤ ሲነጠር ኮሰረት መጨመር ለአገራችን ባልትና እንግዳ ባለመሆኑ ሐሳቡ ከቤታችን የራቀ አይደለም።

ይሁንና ሥራው ቀላል አይደለም። ፕላስቲክ ቀልጦ ወደ ስስ መጠቅለያ የሚለወጠው ከ150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት በመሆኑ ዘይቶቹ በአብዛኛው ተንነው ይጠፋሉ። ስለሆነም ማቆያውን ከተመረተ በኋላ በላዩ ላይ መቀባት ወይም ከስታርች በሚሠሩ፣ ቀለበት መሰል ቅርጽ ባላቸው ሞለኪዩሎች ውስጥ ማቀፍ የተመረጡ ዘዴዎች ናቸው። ሽታም ሌላው ፈተና ነው፤ ሥጋው ሳይበላሽ ቢቆይም ጦስኝ ጦስኝ የሚሸት ከሆነ ገዢ አያገኝም።

ከሁሉም የሚከብደው ግን የቁጥጥሩ ጉዳይ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ከፕላስቲክ ማሸጊያ ወደ ምግብ የሚያልፈው ንጥረ ነገር ጠቅላላ መጠን በአንድ ካሬ ዴሲሜትር ከ10 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ተወስኗል። ማቆያ የሚለቀው መጠቅለያ ዓላማው ማስተላለፍ በመሆኑ በዚህ ልኬት ብቻ ሊዳኝ አይችልም። ኅብረቱም እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ደንብ ቁጥር 450 የሚለቀቀው ንጥረ ነገር እንደ ምግቡ ግብዓት እንዲቆጠርና በመግለጫው ላይ እንዲሰፍር አድርጓል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ደንብ ቁጥር 1935 ደግሞ መጠቅለያው የምግብን መበላሸት እንዳይሸፍን ይከለክላል።

ይህ ክልከላ ያለ ምክንያት የተደነገገ አይደለም። ኒሲን ሊስቴሪያን ቢገታም ብቻውን ሳልሞኔላንና ኢ. ኮላይን እምብዛም አይጎዳም። ሸማቹ የምግብን መበላሸት የሚለየው በሽታውና በመልኩ ሲሆን፣ ሽታ የሚያመጡት ባክቴሪያዎች ተገትተው ጎጂዎቹ ቢቀሩ ምግቡ ጤናማ መስሎ ይቀርባል። ስለዚህም ፈቃድ የሚሰጥ አካል መጠቅለያው በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ባሳየው ውጤት ሳይወሰን፣ ሊታሸግበት በታሰበው ምግብ ላይ፣ ምግቡ በሚቆይበት ሙቀትና እስከ መጠቀሚያ ጊዜው ማብቂያ ድረስ የተደረገ ፍተሻ ሊጠይቅ ይገባል።