ጎማ ላይ ያለ ጡረታ

አሜሪካ ውስጥ ጡረታ ሲወጡ ቤታቸውን ሸጠው፣ መኝታና ማድቤት ባለው ትልቅ መኪና፣ በተለምዶ አርቪ በሚባለው፣ ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩ ባልና ሚስቶች አሉ። ወሬውን የሰማ ሁሉ «የልጅ ልጅ ጥሎ መዞር ምን ይሉታል?» ማለቱ አይቀርም። ለእኔ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ልጆች ሥራ ፍለጋ በየስቴቱ ሲበተኑ፣ አንድ ቦታ የቀረ ወላጅ ለአንዱ ቢቀርብ ከሌላው ይርቃል። መኪናው ግን የሁሉም ደጅ ይደርሳል፤ እንግዶቹም አልጋቸውን ይዘው ስለሚመጡ ባለቤቱን አያጨናንቁም።

ይህ ጥቅም በመጸው ጎልቶ ይታያል። ሰሜኑ ውርጭ ሲጀምረው በመኪናው ቱቦ ውስጥ ያለው ውሃ ወደ በረዶ ተለውጦ ቱቦውን ሊያፈነዳ ስለሚችል፣ ብዙዎች ወደ ደቡብ ያቀናሉ። በአሪዞና በረሃ፣ ኳርትዝሳይት አጠገብ፣ መንግሥት ለረጅም ቆይታ የከለለው ሰፊ ቦታ አለ፤ ወቅቱም ከሴፕቴምበር 15 እስከ ኤፕሪል 15 ነው። በኖቬምበር አራተኛ ሐሙስ የሚውለው የምስጋና ቀንም እዚሁ ጉዞ መሀል ስለሚገባ፣ ቤተሰብ ጋ ጎራ ማለት የተለየ ወጪ አይጠይቅም ማለት ይቻላል። (ነዳጁ ቀላል ነው ማለቴ ግን አይደለም።)

በአንዳንድ ሰፈር አርቪ ደጅ ማቆም ክልክል ነው፤ ይህ አቅራቢያው ባለ የካምፕ ቦታ ይፈታል። የሚከብደው ሕክምናው ነው። ከ65 ዓመት ጀምሮ የሚገኘው የመንግሥት መድን፣ ሜዲኬር፣ በመደበኛ መልኩ በየትኛውም ስቴት ከሚቀበለው ሐኪም ዘንድ ይሠራል። በግል ኩባንያዎች በኩል የሚሰጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ አካባቢ ሐኪሞች የታጠረ ነው። የትኛው እንዳላቸው ያላጣሩ ጥንዶች ቤታቸውን ለመሸጥ ባይቸኩሉ ይሻላቸዋል።