የገመድ አልባ የጆሮ ማዳመጫ የተለመዱ ችግሮች፦ መንስኤያቸው፣ መፍትሔያቸውና የሸማቹ መብት

ገመድ አልባ የጆሮ ማዳመጫ ከስልክ ወይም ከኮምፒዩተር ጋር በብሉቱዝ የሬዲዮ ሞገድ እየተገናኘ ድምፅ የሚያሰማና የሚቀበል አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ነው። በገበያ ላይ አብዛኛው ሰው «ኤርፖድ» ብሎ ይጠራዋል፤ ይህ ግን የአንድ አምራች ምርት ስያሜ እንጂ የዕቃው ሁሉ መጠሪያ አይደለም። መሥሪያ ቤቶች፣ ሆቴሎችና የንግድ ሕንፃዎች ተቀራርበው በሚገኙበት በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በተለይም በካዛንቺስ አካባቢ፣ ዕቃው ለመዝናኛ ብቻ ሳይሆን ለኢንተርኔት ስብሰባ፣ ለሥራ ጥሪና ለትምህርት ጭምር ይውላል።

መሣሪያው ሲያስቸግር ብዙ ተጠቃሚዎች ከሁለት አንዱን ያደርጋሉ፤ ወይ ተበላሽቷል ብለው ሌላ ይገዛሉ፣ ወይም ይስተካከል ይሆናል በሚል ተስፋ ሳምንታት ያሳልፋሉ። የመጀመሪያው ያለ አግባብ ወጪ ያስከትላል፤ አብዛኛው እክል በቤት ውስጥ ያለ ምንም ክፍያ የሚፈታ ነውና። ሁለተኛው ደግሞ መብት ሊያሳጣ ይችላል። በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ጉድለት የተገኘበት ዕቃ የገዛ ሸማች እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የሚጠይቀው ዕቃውን ከገዛበት ቀን ጀምሮ ባሉት 15 ቀናት ውስጥ ነው። በመሆኑም እክሉ የአጠቃቀም ይሁን የዕቃው ጉድለት በቶሎ መለየት ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ነጥቦች ለዚሁ እንዲረዱ የቀረቡ ናቸው።

1. አንደኛው ጆሮ ድምፅ የማያሰማ ከሆነ

ይህ ከሁሉም በላይ የሚያጋጥም ችግር ሲሆን፣ አራት የተለመዱ መንስኤዎች አሉት።

የመጀመሪያው የባትሪ አለመሙላት ነው። ማዳመጫው በኬዙ ውስጥ ሲቀመጥ ኃይል የሚያገኘው በሥሩ ባሉት ጥቃቅን የብረት ነጥቦች በኩል ነው። በነጥቦቹ ላይ ላብ፣ አቧራ ወይም የጆሮ ኩክ ከተጋገረ አንደኛው ወገን ሌሊቱን ሙሉ ኬዝ ውስጥ አድሮም ባዶ ሆኖ ይወጣል። የማዳመጫውንና የኬዙን የብረት ነጥቦች በደረቅ የጥጥ እንጨት በቀስታ መጥረግ፣ ከዚያም ማዳመጫውን መልሶ በማስቀመጥ የመሙያ መብራቱ መብራቱን ማረጋገጥ ይገባል።

ሁለተኛው የድምፅ መውጫው ወንፊት መደፈን ነው። ግንባታ በሚካሄድባቸው አካባቢዎች የሚነሣው አቧራ ከጆሮ ኩክ ጋር ሲቀላቀል ወንፊቱን ይደፍናል፤ ድምፁ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ በቀስ እየደከመ መምጣቱ የዚህ ምልክት ነው። ማዳመጫውን ወደ ታች ደፍቶ ለስላሳና ደረቅ በሆነ ብሩሽ ማጽዳት ይበቃል። መርፌ፣ ስፒል ወይም የጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ወንፊቱን ሊበሱት ስለሚችሉ መጠቀም አይገባም። የጎማ ጫፉ ግን ተነቅሎ በለብ ያለ ውሃ ሊታጠብ ይችላል፤ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ መመለስ የለበትም።

ሦስተኛው ግራና ቀኙ እርስ በርስ መጠፋፋታቸው ነው። ሁለቱንም ኬዝ ውስጥ አስገብቶ ክዳኑን ለግማሽ ደቂቃ ያህል ዘግቶ ማቆየት ብዙ ጊዜ መልሶ ያገናኛቸዋል።

አራተኛው በስልኩ ላይ ያለው የግራና ቀኝ ድምፅ ሚዛን ሳይታወቅ ወደ አንድ ወገን መሳቡ ነው። ይህ ማስተካከያ በአንድሮይድም ሆነ በአይፎን ስልኮች ሴቲንግ ውስጥ «አክሰሰቢሊቲ» በሚለው ክፍል ይገኛል። ማዳመጫውን በሌላ ሰው ስልክ መሞከር ችግሩ ከስልኩ ይሁን ከማዳመጫው ወዲያውኑ ይለያል።

2. ከስልኩ ጋር አልገናኝ ሲል

የጆሮ ማዳመጫ ቀደም ሲል የተጣመረባቸውን መሣሪያዎች ያስታውሳል። ከኬዙ ሲወጣ በአቅራቢያው ካለ የቢሮ ኮምፒዩተር፣ ከቤተሰብ አባል ስልክ ወይም ከቴሌቪዥን ጋር ራሱ ተገናኝቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ የሌሎቹን መሣሪያዎች ብሉቱዝ መዝጋት ያስፈልጋል። ይህ ካልረዳ የሚከተለውን ቅደም ተከተል መፈጸም ይቻላል፦

ሀ) በስልኩ የብሉቱዝ ዝርዝር ውስጥ የማዳመጫውን ስም መርጦ «ፎርጌት» ወይም «አንፔር» በሚለው ትእዛዝ መሰረዝ፤
ለ) የስልኩን ብሉቱዝ ዘግቶ ስልኩን አጥፍቶ ማብራት፤
ሐ) ከማዳመጫው ጋር በመጣው መመሪያ መሠረት ማዳመጫውን ሪሴት ማድረግ፤ በብዙ ምርቶች ይህ የሚከናወነው የኬዙን ቁልፍ ወይም የማዳመጫውን መንኪያ ለጥቂት ሰከንዶች ተጭኖ በማቆየት ነው፤
መ) ብሉቱዙን ከፍቶ እንደ አዲስ ማጣመር።

በብሉቱዝ ዝርዝሩ ላይ ግራና ቀኙ እንደ ሁለት የተለያዩ መሣሪያዎች ከታዩ ሁለቱም መሰረዝ አለባቸው፤ አንዱን ብቻ ሰርዞ ማጣመር ችግሩን ይመልሰዋል።

3. ድምፁ የሚቆራረጥ ከሆነ

ብሉቱዝ የሚሠራው በ2.4 ጊጋኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ ክልል ነው። በዚሁ ክልል ብዙ የዋይፋይ መሣሪያዎች ይሠራሉ፤ የማይክሮዌቭ ምድጃም በዚሁ ክልል ሞገድ ያመነጫል። መጨናነቁን ለመቋቋም የተለመደው ብሉቱዝ ክልሉን ለ79 መስመሮች ከፋፍሎ በሰከንድ እስከ 1,600 ጊዜ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል። ሆኖም በአንድ ሕንፃ ውስጥ በየቢሮው ዋይፋይ ሲኖር፣ ወይም በኡራኤልና በባምቢስ በኩል በሚያልፈው ቀላል ባቡር በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት እንደሚታየው ብዙ ሰዎች ተጠጋግተው ሲቆሙ፣ ነፃ መስመር ማግኘት ያዳግታል።

ሌላው እንቅፋት የሰው አካል ነው። የሰው አካል ውሃ ስለሚበዛበት ይህን ሞገድ ውጦ ያስቀራል። ስልኩ በኋላ ኪስ ወይም በቦርሳ ውስጥ ሆኖ ድምፁ ቢቆራረጥ፣ ወደ ደረት ኪስ ሲዛወር ግን ቢስተካከል፣ ማዳመጫው ጤነኛ ነው ማለት ነው። አብዛኛው ማዳመጫ በገላጣ ቦታ እስከ 10 ሜትር ገደማ ይሠራል፤ የብሎኬትና የኮንክሪት ግድግዳ ግን ርቀቱን በእጅጉ ያሳጥራል። በቢሮ ወይም በቤት ውስጥ ስልኩንና ኮምፒዩተሩን ወደ 5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ማዛወር መጨናነቁን ይቀንሳል።

ማዳመጫው ፀጥ ባለ ክፍል ውስጥ፣ ስልኩ አንድ ሜትር ርቀት ላይ እያለም የሚቆራረጥ ከሆነ፣ በሌላ ስልክም ተሞክሮ ያው ከሆነ፣ ምክንያቱ የዕቃው ጉድለት ሊሆን ይችላል።

4. በስብሰባና በጥሪ ጊዜ ድምፁ የሚበላሽ ከሆነ

ሙዚቃ ሲደመጥ ጥርት ያለው ድምፅ በኢንተርኔት ስብሰባ ጊዜ እንደ አሮጌ ስልክ ድምፅ መጥበቡ ብዙዎችን ያሳስባል። ይህ በአብዛኛው ብልሽት አይደለም። ብሉቱዝ ድምፅ ማሰማትና ማይክሮፎን መቀበልን በአንድነት ሲያከናውን ወደ ጥሪ ስልት ይዛወራል፤ በዚህ ጊዜ የድምፁ ጥራት ዝቅ ይላል። በኮምፒዩተር ስብሰባ የሚካፈል ሰው በፕሮግራሙ የድምፅ ማስተካከያ ውስጥ ማዳመጫውን ለመስሚያ፣ የኮምፒዩተሩን ማይክሮፎን ደግሞ ለመናገሪያ ቢመርጥ ድምፁ ወደ ቀድሞ ጥራቱ ይመለሳል።

ሌላው ወገን የማይሰማ ከሆነ ፕሮግራሙ ማይክሮፎን እንዲጠቀም የተፈቀደለት መሆኑን፣ እንዲሁም የማዳመጫው የማይክሮፎን ቀዳዳ በቆሻሻ አለመደፈኑን መመልከት ይገባል።

5. ባትሪው ቶሎ የሚያልቅ ወይም የማይሞላ ከሆነ

በቅድሚያ ገመዱንና ቻርጀሩን መለየት ያስፈልጋል። ዋጋቸው ዝቅተኛ የሆኑ አንዳንድ ማዳመጫዎች የታይፕ ሲ ቀዳዳ ቢኖራቸውም ሁለቱም ጫፎቹ ታይፕ ሲ በሆነ ገመድ አይሞሉም። ይህም የሚሆነው ቻርጀሩ ኃይል እንዲለቅ የሚጠይቀው አነስተኛ የውስጥ ክፍል ስለሚጎድላቸው ነው። አንደኛው ጫፉ የቀድሞው ሰፊ ዩኤስቢ የሆነ ገመድ ሲጠቀሙ ከሞላ፣ ኬዙ አልተቃጠለም።

መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ከሶኬት መንቀል ይመከራል፤ ኃይሉ ሲመለስ የሚፈጠረው መዋዠቅ ቻርጀሩንም ሆነ የተሰካውን ዕቃ ሊጎዳ ይችላል። ማዳመጫውን ፀሐይ በሚመታው የመኪና ዳሽቦርድ ላይ መተውም የሊቲየም ባትሪን ዕድሜ ያሳጥራል።

ሁለትና ሦስት ዓመት ያገለገለ ማዳመጫ የባትሪ ቆይታው ቢቀንስ የሚጠበቅ ነው። አዲስ የተገዛው ግን በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ሰዓት እጅግ ባነሰ ጊዜ ውስጥ የሚያልቅ ከሆነ ቆይታውን በሰዓት መዝግቦ ለሻጩ ማሳየት ይቻላል። ባትሪው ያበጠ፣ ከልክ በላይ የሚግል ወይም ያልተለመደ ሽታ ያለው መሣሪያ ጆሮ ላይ መደረግም ሆነ ቻርጅ መደረግ የለበትም።

6. ውሃ የነካው እንደሆነ

በማሸጊያው ላይ «አይፒኤክስ 4» የሚል ምልክት ያለው ማዳመጫ የውሃ ፍንጣቂን ይቋቋማል እንጂ ውሃ ውስጥ ቢገባ አይችልም። «አይፒኤክስ 7» የሚለው ደግሞ እስከ 1 ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ መቆየትን ያመለክታል። ኬዙ ግን ብዙ ጊዜ ይህ ጥበቃ የለውም። በክረምት ዝናብ የራሰ ማዳመጫ በደረቅ ጨርቅ ተጠርጎ፣ አየር በሚያገኝበት ቦታ ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ መቆየት ይኖርበታል። ሳይደርቅ ቻርጅ ማድረግ፣ በፀጉር ማድረቂያ ማሞቅ ወይም ሩዝ ውስጥ መቅበር አይመከርም።

7. ችግሩ የዕቃው ጉድለት ሆኖ ሲገኝ

ከላይ የተዘረዘሩት ሙከራዎች በሙሉ ተደርገው እክሉ ካልተፈታ፣ ጉዳዩ ከአጠቃቀም ወደ ሸማች መብት ይሸጋገራል። ሸማቹ የሚገዛውን ዕቃ ዓይነትና ጥራት በተመለከተ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው፤ ነጋዴውም ለሸጠው ዕቃ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት። ቅጂ የሆነን ምርት «ኦሪጅናል ነው» ብሎ መሸጥ አሳሳች መረጃ መስጠት ነው።

መብቱን ለማስከበር የሚከተሉት ይጠቅማሉ፦

ሀ) ደረሰኝ ተቀብሎ የዕቃው ሞዴልና መለያ ቁጥር እንዲጻፍበት መጠየቅ፤
ለ) ማሸጊያውን፣ መመሪያውንና የዋስትና ወረቀቱን ቢያንስ እስከ 15ኛው ቀን ድረስ አለመጣል፤
ሐ) በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት የሁለቱንም ጆሮ ድምፅ፣ ማይክሮፎኑን፣ የባትሪውን ቆይታና የኬዙን አሞላል መፈተን፤
መ) ጉድለት ሲታይ በስልክ ቪዲዮ መቅረጽና ቀኑን መመዝገብ፤
ሠ) ማዳመጫውን በግል አለመክፈት ወይም ለሌላ ጠጋኝ አስቀድሞ አለመስጠት፤ የተከፈተ ዕቃ ጉድለቱ ከማን እንደመጣ ለማስረዳት ያስቸግራልና።

በሱቆች ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ ይለጠፋል። ሐሳቡን ለውጦ ዕቃ የሚመልስ ገዥና ጉድለት ያለበት ዕቃ የደረሰው ገዥ ግን አንድ አይደሉም፤ የሁለተኛውን ጉዳይ ሕጉ በተለይ ይመለከተዋል። ሻጩ የሰጠው ዋስትና ከ15 ቀናት የሚረዝም ከሆነም ሸማቹ የተሻለ በሚጠቅመው ዋስትና ሊጠቀም ይችላል። ከሻጩ ጋር መግባባት ካልተቻለ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኝ ሸማች ደረሰኙንና ማስረጃውን ይዞ አቤቱታውን ለክፍለ ከተማው የንግድ ጽሕፈት ቤት ማቅረብ ይችላል።

8. የጆሮን ጤና በተመለከተ

ድምፁ አነሰ ብሎ ከመጨመር በፊት ወንፊቱን ማጽዳትና ለጆሮ የሚስማማ መጠን ያለውን የጎማ ጫፍ መምረጥ ይቀድማል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች እንደ ገደብ የሚጠቅሰው በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ ድምፁ ወደ 90 ዴሲቤል ከፍ ሲል ግን ይህ ጊዜ በሳምንት ወደ 4 ሰዓት ዝቅ ይላል። በመንገድ ላይ የተሽከርካሪን ድምፅ ለመሸፈን ድምፅ የሚጨምር እግረኛ የመስማት ችሎታውን ብቻ ሳይሆን ሕይወቱንም ለአደጋ ያጋልጣል። መንገድ ሲሻገሩ ማዳመጫውን ከጆሮ ማውጣት ይገባል።

ማጠቃለያ

አዲስ ማዳመጫ የገዛ ሰው ፍተሻውን ችግር እስኪያጋጥመው ማዘግየት የለበትም፤ በገዛበት ዕለት መጀመር ይኖርበታል። በቅድሚያ ማጽዳት፣ ቀጥሎ ሰርዞ እንደ አዲስ ማጣመር፣ ከዚያም በሌላ ስልክና በሌላ ገመድ መሞከር እክሉን ለይቶ ያሳያል። እነዚህ ሁሉ ከአንድ ሰዓት በላይ የማይወስዱ ናቸው። ውጤቱ ዕቃው ጉድለት ያለበት መሆኑን ካመለከተ ሸማቹ ደረሰኙን ይዞ ሳይዘገይ ወደ ሻጩ ይመለስ፤ 15ቱ ቀናት የሚቆጠሩት ጉድለቱ ከታየበት ሳይሆን ዕቃው ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ነው።