ቡጢ ብቻ አይበቃም፦ ፍራንሲስ ንጋኑ እና ቅይጡ ፍልሚያ

የአራዳ ልጅ ጠብ የራሱ መሣሪያ ነበረው። ቡጢም ካልቾም የትም ሰፈር አለ፤ በፒያሳና በደጃች ውቤ ሰፈር ግን ዝናው የቴስታ ነው። ሁለት ሰዎች ደረት ለደረት ተፋጠው «ምን ታመጣለህ?» እየተባባሉ ሳለ አንደኛው ግንባሩን የሌላኛው አፍንጫ ላይ ያሳርፋል፤ ነገሩ እዚያው ያበቃል። የውቤ በረሃን ሌሊቶች የሚያስታውሱ አዛውንቶች ስለዚያ ዘመን ጉልበተኞች ሲያወጉ ከመጠጡና ከሙዚቃው ቀጥሎ የሚያነሱት ይህንኑ ነው። ቴስታ ረጅም ልምምድ አይጠይቅም፤ መቅደምን ብቻ ይጠይቃል። የተቀደመ ሰው ግን ሁለተኛ መላ አልነበረውም።

ዛሬ የፒያሳ ወጣት የሚያየው ፍልሚያ ሌላ ነው። በስልኩ ላይ ሁለት ሰዎች ጣታቸው የሚታይ ትንንሽ ጓንት አጥልቀው፣ በባዶ እግራቸው፣ ስምንት ጎን ባለው የሽቦ አጥር ውስጥ ይገጥማሉ። ስሙ በእንግሊዝኛ ምኅፃሩ ኤምኤምኤ፣ በእኛ አነጋገር ቅይጥ ማርሻል አርት ነው። ብዙ ሰው «እዚያ ውስጥ የማይፈቀድ ነገር የለም» ሲል እሰማለሁ። አለ። ከተከለከሉት ውስጥ አንዱ እንዲያውም ቴስታ ነው።

ክልከላው ግን ከመጀመሪያው አልነበረም። ዩኤፍሲ የተባለው ድርጅት የመጀመሪያውን ውድድር በኅዳር 1986 ዓ.ም. በአሜሪካዋ ዴንቨር ከተማ ሲያዘጋጅ ጥያቄው የሰፈር ልጅ ጥያቄ ነበር፦ ቦክሰኛና ካራቴ ተጫዋች፣ ታጋይና ጁዶ ተጫዋች ቢገናኙ ማን ያሸንፋል? የክብደት መደብ አልነበረም። መንከስና ዓይን መጓጎል ክልክል ነበር፤ ከዚያ በላይ ብዙም ሕግ የለም። ያሸነፈው ደግሞ ማንም ያልጠበቀው ሰው ሆነ። ሮይስ ግሬሲ የተባለ ቀጭን ብራዚላዊ በአንድ ሌሊት ሦስት ሰዎችን ገጥሞ ሦስቱንም መሬት ላይ ጥሎ እጅ አሰጣቸው። ቡጢ የሚወረውረው ሰው መሬት ላይ ከወደቀ ቡጢው ዋጋ እንደሌለው ዓለም ያን ሌሊት አየ። ቴስታ ደግሞ ለጥቂት ዓመታት ተፈቅዶ ቆየ፤ ማርክ ኮልማን የተባለው አሜሪካዊ ታጋይ ሰውን ጥሎ ከላይ ሆኖ በግንባሩ እየቀጠቀጠ ሻምፒዮን እስከ መሆን ደርሶበታል። የታገደው በጥቅምት 1990 ዓ.ም. ነው።

ዛሬ ሕጉ ጥርት ያለ ነው። አንድ ዙር 5 ደቂቃ ነው፤ ተራ ግጥሚያ 3 ዙር፣ የሻምፒዮና ግጥሚያ 5 ዙር አለው። ማሸነፊያው ሦስት ነው፦ በዝረራ (ተጋጣሚው መከላከል ሲያቅተው ዳኛው የሚያስቆመውም እዚሁ ይገባል)፣ በማስረከብ እና በነጥብ። ማስረከብ ማለት አንገቱ የታነቀ ወይም መገጣጠሚያው የተጠመዘዘ ሰው በእጁ መታ መታ አድርጎ «በቃኝ» ሲል ነው። የፊልም ትዝታ ያለው አንባቢ ደግሞ ያን ትንሽ የፍልሚያ ጓንት ቀድሞ አይቶታል። ብሩስ ሊ በ«ኢንተር ዘ ድራገን» መክፈቻ ላይ ተመሳሳይ ትንሽ ጓንት አጥልቆ ይገጥምና ተጋጣሚውን የሚያስረክበው መሬት ላይ ጠምዝዞ ነው። የእሱን ፊልሞች በሲኒማና በቪዲዮ ቤት ያየው ትውልድ ግን ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚሞክረው ዝላዩንና ጩኸቱን ነበር። መሬት ላይ ያለው ሥራ ለዓይን አይስብም።

ይህን ስፖርት ለማስተዋወቅ ከአንድ ሰው ሕይወት የተሻለ መንገድ አላገኘሁም። ሰውየው ካሜሩናዊው ፍራንሲስ ንጋኑ ነው።

ንጋኑ የተወለደው ነሐሴ 30 ቀን 1978 ዓ.ም. በምዕራብ ካሜሩን ባቲዬ በምትባል መንደር ነው። ወላጆቹ ሲለያዩ ገና ሕፃን ነበር። ገና በልጅነቱ አሸዋ ማውጫ ገብቶ አካፋ ጨበጠ፤ ደመወዙ ለደብተርና ለምሳ ነበር። አባቱ በአካባቢው የታወቀ ተደባዳቢ ነበር፤ ሰውም ልጁን «የእሱ ልጅ» እያለ ይጠራው ነበር። ሌላ ልጅ ቢሆን በዚህ ይኮራ ወይም ያንኑ መንገድ ይከተል ነበር። ንጋኑ የወሰደው ተቃራኒውን ነው፤ የመንገድ ጠብን ትቶ ማይክ ታይሰንን ተመኘ። በ22 ዓመቱ የቦክስ ልምምድ ጀመረ፤ ለዚህ ሙያ በጣም የዘገየ ዕድሜ ነው።

በ2004 ዓ.ም. ገደማ ያለችውን ጥሪት ይዞ ወጣ። ከካሜሩን ናይጄሪያ፣ ከናይጄሪያ ኒጀር፣ ሰሃራን አቋርጦ አልጄሪያ፣ ከዚያ ሞሮኮ። ለእኛ አገር አንባቢ ይህን መንገድ ማስረዳት አያስፈልግም፤ በመተማ ወጥቶ በሱዳንና በሊቢያ በረሃ ያለፈ ወንድም ወይም የአክስት ልጅ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። በረሃው ላይ የሚጠጣው ውኃ እንስሳ የሞተበት ጉድጓድ ውኃ እንደነበር፣ ሞሮኮ ውስጥም ከቆሻሻ መጣያ ምግብ ለቅሞ ይበላ እንደነበር ኋላ ተናግሯል። ወደ ስፔን ለመሻገር ደጋግሞ ሞክሮ ደጋግሞ ተያዘ። በመጨረሻ በጎማ ጀልባ ተሻገረ፤ ስፔን ደግሞ ሁለት ወር ያህል አሰረችው። በሰኔ 2005 ዓ.ም. ፓሪስ ሲደርስ ማደሪያው የመኪና ማቆሚያ ነበር።

እዚያ የቦክስ ጂም ፈልጎ ገባ። ግዙፉን ሰውነቱን ያዩ ሰዎች ግን ወደ ቅይጡ ፍልሚያ መሩት፤ ስለ ስፖርቱ ከዚያ በፊት የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ኤምኤምኤ ፋክቶሪ በተባለው ጂም አሠልጣኙ ፈርናንድ ሎፔዝ ተቀበለው። በወራት ውስጥ፣ በኅዳር 2006 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያ ግጥሚያውን አሸነፈ፤ የሚገርመው ያሸነፈው በቡጢ ሳይሆን ክንድ ጠምዝዞ ነው። ሁለተኛውን ተሸነፈ። በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ዩኤፍሲ ገባ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዝና የቡጢው ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ93፣ ክንዶቹ ሲዘረጉ 2 ሜትር ከ11 ገደማ። የከባድ ሚዛን ጣሪያ 120 ኪሎ ነው፤ እሱም ወደዚያው ይጠጋል። ጓንቱ 4 አውንስ፣ ማለትም 113 ግራም ያህል ብቻ ነው፤ የከባድ ሚዛን ቦክሰኛ ጓንት 10 አውንስ ይመዝናል። ኅዳር 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ሆላንዳዊውን አሊስተር ኦቨሪምን ከታች ወደ ላይ በመጣ የግራ ቡጢ አገጩን መታው፤ የኦቨሪም አንገት ወደ ኋላ ታጠፈ፣ ሰውየው ደርቆ ወደቀ። ግጥሚያው ሁለት ደቂቃ አልሞላም። ዓለም «ይህን ሰው ማን ይችለዋል?» አለ።

የቻለው አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነው። ስቲፔ ሚዮቺች በአሜሪካዋ ኦሃዮ ግዛት እሳት ማጥፋቱን ሳይተው የዓለም ሻምፒዮን የሆነ፣ በኮሌጅ ዘመኑ ታጋይ የነበረ ሰው ነው። ጥር 12 ቀን 2010 ዓ.ም. ቦስተን ላይ ተገናኙ። የቃና ዘገሊላ ዕለት መሆኑ ነው፤ እኛ ጋ ታቦት ተሸኝቶ ሌሊቱ ሲነጋ እዚያ ንጋኑ መሬት ላይ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ያለ የሌለ ጉልበቱን ወረወረ። ሚዮቺች ጭንቅላቱን እያሸሸ አሳለፈው፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ እግሩን እየያዘ ጣለው፤ ከላይ ተጫነው። 110 ኪሎ የሚመዝን ሰው ደረትህ ላይ ተኝቶ መነሳት ማለት ሌላ ሥራ ነው፤ ትንፋሽ ይጨርሳል። ሦስቱም ዳኞች 50 ለ44 ሰጡ፤ ከአምስቱ ዙር አንዱንም ለንጋኑ አልሰጡም።

የሚቀጥለው ግጥሚያ ከዚህም የባሰ ነበር። በሰኔ መጨረሻ ዴሪክ ልዊስን ገጠመና በ15 ደቂቃ ውስጥ ያሳረፈው ምት 11 ብቻ ነበር፤ ተመልካቹ ጮኸበት። መጣሉን እያሰበ እጁ ታሰረ ማለት ይቻላል። ቡጢ ለመወርወር ክብደትህን ወደ ፊት ትጥላለህ፤ ክብደቱ ፊት ያለ ሰው ደግሞ እግሩን ለመያዝ ይመቻል። ቅይጡ ፍልሚያ ከቦክስ የሚለየው ዋናው ነጥብ ይህ ነው፤ እያንዳንዱ ቡጢ ለታጋዩ በር ይከፍታል።

ስለ ንጋኑ የሚያስደንቀኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ቀጣዮቹን አራት ሰዎች፣ የቀድሞዎቹን ሻምፒዮኖች ኬን ቬላስኬዝንና ጁኒየር ዶስ ሳንቶስን ጨምሮ፣ እያንዳንዳቸውን ከ75 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ዘረረ። ሕዝቡ ያየው ይህን ነው። ላስ ቬጋስ ባለው ጂም ውስጥ ከአሠልጣኙ ኤሪክ ኒክሲክ ጋር የሚሠራው ግን ትግል ነበር፦ ሰው ወደ እግርህ ሲገባ ዳሌህን ወደ ኋላ አሽሽተህ በደረትህ ጀርባው ላይ መውደቅ፣ ከዚያ ዞረህ ከኋላው መያዝ። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ቪዲዮው አይሰራጭም።

መጋቢት 18 ቀን 2013 ዓ.ም. ሚዮቺችን ዳግም ሲገጥም የሦስት ዓመቱ ልፋት በአንድ ቅጽበት ታየ። በመጀመሪያው ዙር ሚዮቺች እንደ ልማዱ ወደ እግሩ ገባ፤ ንጋኑ ዳሌውን አሸሸ፣ ከላይ ተጫነ፣ ዞሮ መታው። ለእኔ የሻምፒዮንነት ቀበቶው የተወሰደው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ሚዮቺች የሚሸሸግበት ነገር አልነበረውም፤ በሁለተኛው ዙር 52ኛ ሰከንድ ላይ ንጋኑ ዘረረው። ያን ጊዜ ከናይጄሪያዊዎቹ ካማሩ ኡስማንና እስራኤል አዴሳኛ ጋር ሦስት አፍሪካ የተወለዱ ሰዎች በአንድ ወቅት የዩኤፍሲ ሻምፒዮን ሆኑ። ንጋኑ ቀበቶውን ይዞ ባቲዬ ሄደ፤ የመንደሩ ልጆች የሚሠለጥኑበት ጂምም በስሙ ባቋቋመው ድርጅት አማካይነት እዚያው አለ።

ጥር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. ሲሪል ጋንን ገጠመ። ጋን የፓሪሱ ጂም ልጅ፣ የቀድሞ አሠልጣኙ የሎፔዝ ተማሪ ነው፤ የንጋኑን ነገር ሁሉ የሚያውቅ ሰው በማዶ ጥግ ቆሟል ማለት ነው። ንጋኑ ጉልበቱ ተጎድቶ ነበር የገባው። ጋን ከሩቅ እየረገጠ፣ እየሸሸ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች ወሰደ። የንጋኑ ቡጢ አልደረሰም። በሦስተኛው ዙር ንጋኑ ዓለም ያልጠበቀውን አደረገ፤ የጋንን እርግጫ ያዘና አንስቶ መሬት ላይ ጣለው። ከዚያም ደጋግሞ ጣለው። በመጨረሻው ዙር ጋን እግሩን ሊጠመዝዝ ሞክሮ ነበር፤ አመለጠውና ግጥሚያው በንጋኑ የበላይነት አለቀ። በሦስቱም ዳኞች ነጥብ አሸነፈ። በታጋይ ተጥሎ የተዋረደው ሰው ሻምፒዮንነቱን ያስከበረው ሰው እየጣለ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። ለተፋላሚዎች የጤና መድን፣ የራስን ስፖንሰር የማግኘትና ቦክስ የመግጠም ነፃነት ጠይቆ ከዩኤፍሲ ጋር ስላልተስማማ በጥር 2015 ዓ.ም. ሻምፒዮን እንደሆነ ለቀቀ። ጥቅምት 17 ቀን 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ በመጀመሪያው የቦክስ ግጥሚያው የዓለም ሻምፒዮኑን ታይሰን ፉሪን በሦስተኛው ዙር መሬት አስነካው፤ በተከፋፈለ የዳኞች ድምፅ ቢሸነፍም። የልጅነት ጀግናው ማይክ ታይሰን አሠልጥኖታል። በየካቲት 29 አንቶኒ ጆሹዋ ግን በሁለተኛው ዙር ዘረረው፤ ጓንቱ ሲተልቅና መጣል ሲከለከል ግማሹ መሣሪያው ውጭ ይቀራል። በሚያዝያ ገና ዓመት ከመንፈቅ ያልሞላው ልጁ ኮቤ ሞተበት። ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ወደ ቅይጡ ፍልሚያ ተመልሶ ብራዚላዊውን ሬናን ፌሬይራን በመጀመሪያው ዙር ጥሎ መሬት ላይ ጨረሰው፤ ድሉንም ለልጁ ሰጠ።

በእኛ አገር ለዚህ ስፖርት ያለው መሠረት ባዶ አይደለም። ኢትዮጵያ በሙኒክም በሞስኮም ኦሎምፒክ ቦክሰኞች አሰልፋለች፤ በቶኪዮው ኦሎምፒክ ደግሞ ሰሎሞን ቱፋ በቴኳንዶ ወክሏታል። በየሰፈሩ ቴኳንዶ፣ ካራቴና ውሹ የሚያሠለጥኑ ክበቦች ሞልተዋል። እነዚህ ሁሉ ቆሞ መምታት ናቸው። ከወደቁ በኋላ ምን ይደረጋል የሚለውን የሚያስተምረው ምንጣፍ ግን ጥቂት ነው፤ ወደዚህ ስፖርት ለመግባት የሚያስብ ወጣት መጀመሪያ የሚፈልገው አሠልጣኝ የትግልና የጁዶ ቢሆን እመክራለሁ።

ንጋኑን ገና የምታዩት ከሆነ ደግሞ በዝረራ ያለቁትን አጫጭር ቪዲዮዎች ለጊዜው ተዉአቸው። የጋንን ግጥሚያ ፈልጉና ከሦስተኛው ዙር ጀምሩ፤ ዓይናችሁን ከእጁ ላይ አንስታችሁ ዳሌው ላይ አድርጉ።