ከሬንጁ ሥር ያለው ብረት፦ የአንዲት አሮጌ ቮልስዋገን ሆድ ጥገናና የዝገት ትምህርት



 ከዚህ መድረክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ግድብ፣ ስለ ድልድይና ስለ ፋብሪካ ነው። እኔ ግን በግቢዬ ባለች ጠባብ ጋራዥ ውስጥ፣ በጀርባዬ ተኝቼ ስለ ተማርሁት ነገር ልነግራችሁ መጥቻለሁ። ነገሩ የአንዲት አሮጌ መኪና ሆድ ጥገና ነው። በውስጡ ግን የእኔ የራሴ ጥፋት አለበት፤ ከዚያ መጀመር ይገባኛል።

አባቴ እ.ኤ.አ. በ1967 የተሠራች ቮልስዋገን ነበረቻቸው። ሕዝባችን «ቮልስ» እያለ የሚጠራት፣ በዓለም ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ ምርቷ ያበቃው ያቺው ናት። አባቴ ሲያርፉ መኪናዋ ለታናሽ እህቴ ደረሰች። ከማስረከቤ በፊት ሥሯን ባየው ዝገት ጀምሯል። ጊዜ አጥሮኝ ነበርና በብረት ብሩሽ ጥቂት ፈግፍጌ፣ ሆዷን በሙሉ በሬንጅ ቀባሁት። ጥቁር፣ ወጥና አንጸባራቂ ሆነ። እህቴም ደስ አላት። እኔ በክፍል ውስጥ ስለ ዝገት የማስተምር ሰው ነኝ፤ ይህንን ያደረግሁትም እያወቅሁ ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ እህቴ «ልጆቹ ከሚቀመጡበት ሥር ምንጣፉ ይረጥባል» አለችኝ። መኪናዋን ወደ ግቢዬ አስገባሁና ክሪኩን ከተለመደው ቦታ ደግፌ ማንሣት ጀመርሁ። ክሪኩ ከፍ አለ፤ መኪናዋ ግን ባለችበት ቀረች። ወደ ውስጥ የገባው ብረቱ ነበር። ሬንጁ እንደ ቆዳ ተዘርግቶ ቀርቷል፤ ከላዩ ያለው ላሜራ ግን አልነበረም።

ይህ ለምን ሆነ? ብዙ ሰው ዝገትን ከውጭ መጥቶ የሚለጠፍ ነገር ያደርገዋል። ዝገት ግን የኤሌክትሪክ ሥራ ነው። በአንዱ የብረት ሥፍራ ብረቱ ኤሌክትሮኑን ትቶ ወደ እርጥበቱ ይሟሟል፤ ይህንን ሥፍራ አኖድ እንለዋለን። ኤሌክትሮኑ በብረቱ ውስጥ ተጉዞ ወደ ሌላ ሥፍራ ይደርሳል፤ በዚያም ኦክስጅንና ውኃ ይቀበሉታል፤ ይህም ካቶድ ይባላል። አንድ ባትሪ ከሚሠራው ሥራ አይለይም። ልዩነቱ ይህኛው ባትሪ የሚበላው የተቀመጥንበትን ወለል መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንመጣለን። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ዩሊክ ኤቫንስ የተባለ ሊቅ በንጹሕ ብረት ላይ አንዲት የጨው ውኃ ጠብታ አኑሮ ተመለከተ። አየር በቀላሉ የሚደርሰው የጠብታዋ ዳር ካቶድ ሆነ። አየር የሚያጥረው መካከሉ ግን አኖድ ሆኖ ተበላ። እንግዲህ ብረት አጥብቆ የሚበላው አየር በበዛበት ሳይሆን፣ እርጥበት ኖሮ አየር ባነሰበት ሥፍራ ነው። ጭቃ ከተጋገረበት፣ ሁለት ላሜራዎች ከተደራረቡበት፣ ምንጣፍ ረጥቦ ከተኛበት፣ ሬንጅ ከተሰነጠቀበት ሥር ማለት ነው። በእኔ እጅ የተቀባው ሬንጅ በዳሩ ተሰነጠቀ፤ ውኃ ገባ፤ መውጫ አጣ። የሠራሁት መከላከያ ሳይሆን ለዝገት የተመቸ ማደሪያ ነበር። ዝገት ደግሞ ከተወለደበት ብረት ብዙ እጥፍ ሥፍራ ስለሚይዝ፣ ሽፋኑን ከሥር እየገፋ ይበልጥ ያላቅቀዋል።

የቮልስ አሠራር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ወለሏ በመሐል በሚሄድ ባዶ የብረት አከርካሪ ግራና ቀኝ የተበየዱ ሁለት ክንፎች ነው። አካሏ በወለሉ ዙሪያ በቡሎን ይታሰራል። ከበሮቹ ሥር ያሉት ባዶ ሳጥኖች የሞተሩን ሙቀት ወደ ፊት ያደርሳሉ፤ አካሉንም ያጠነክራሉ፤ የሚዝጉት ግን ከውስጥ ስለሆነ ከውጭ አይታወቁም። ባትሪዋ የምትቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው። ከባትሪ የሚወጣው የሰልፈር አሲድ ጠብታና ተን ቀለሙን ይበላና ለዝገቱ በር ይከፍታል። የእህቴም ወለል የተበሳው በዚያው ነበር። በማይክሮሜትር ስለካው፣ አንድ ሚሊሜትር ገደማ መሆን የነበረበት ላሜራ በባትሪው ዙሪያ ከሢሶው በታች ሆኗል።

ይህ ብቻ ቢሆን ባልተጨነቅሁ። ወለሉን ተከትሎ ወደ ኋላ የሚሄደውን የፍሬን ቧንቧ በጣቴ ስዳስሰው ቅርፊቱ ረገፈ። ጥቂት አጥብቄ ብይዘው ረጠበ፤ የፍሬን ዘይት ነበር። እህቴ ሁለት ልጆቿን ይዛ በዚያች መኪና በየዕለቱ ቁልቁለት ትወርድ ነበር። ያን ዕለት ማታ ደወልሁላትና እውነቱን ነገርኋት፤ ያየሁትን ዝገት በሬንጅ እንደ ሸፈንሁት ሳልደብቅ። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያም «ካልተስተካከለች እንዳትመልሳት» ብቻ አለችኝ።

ሥራው ስምንት ወር ወሰደ። ቅደም ተከተሉን የምነግራችሁ እያንዳንዱ እርምጃ ምክንያት ስላለው ነው።

የመጀመሪያው መደገፍ ነው። በክሪክ ብቻ ከተነሣች መኪና ሥር ማንም አይግባ። ክሪክ ማንሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም። መኪናዋ ባልዛገ ጠንካራ ክፍሏ በአራት የብረት መቆሚያዎች ላይ ታርፋለች፤ ከመግባታችሁ በፊት በሁለት እጅ ወዝውዟት። ድንጋይና ብሎኬት አይታመኑም፤ ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ይፈነዳል።

ሁለተኛው ማወቅ ነው። ሬንጁን በእንጨት እጀታ ባለው መፋቂያ አነሣሁ፤ በእሳት ማለስለስ ቀላል ቢመስልም የቤንዚን ቧንቧ በአከርካሪው ውስጥ ስለሚያልፍ አልደፈርሁም። ከዚያ በትንሽ መዶሻ እየመታሁ አዳመጥሁ። ጤነኛ ላሜራ ይጮኻል፤ የተበላው ድምፁ የታፈነ ነው። የታፈነውን ሁሉ በጠመኔ ከብቤ አንድ መዳፍ ያህል ጨመርሁበት፤ ዝገት ዓይን ከሚያየው ርቆ ይሄዳልና።

ሦስተኛው መቁረጥና መበየድ ነው። ባትሪው ወጣ፤ የቤንዚን ታንከሩ ወረደ፤ ቧንቧው ባዶ ሆነ፤ ምንጣፉና ወንበሩ ተነሡ፤ ውኃና አሸዋ በባልዲ ተዘጋጀ። ሁለቱን ጎኖች በአንድ ጊዜ መቁረጥ መኪናዋን ያጎብጣታልና በሮቿን በብረት ዘንግ ወጥሬ፣ አንዱን ጎን ጨርሼ ወደ ሌላው ተሻገርሁ። በሩ ከአካሉ ጋር ያለውን ክፍተት በየዕለቱ ለካሁ። አዲሱን ወለል ከሶማሌ ተራ ፈልጌ ላገኝ ስላልቻልሁ፣ ከአንድ ሚሊሜትር ላሜራ ቆርጬ፣ ለጥንካሬ ጉብታዎቹን በመዶሻ አወጣሁለት። ቀጭን ላሜራ በተራ ኤሌክትሮድ ሲበየድ ይቀልጣል፤ ስለዚህ የሚግ ብየዳ ተከራየሁ። አንድ ነጥብ በዚህ፣ አንድ ነጥብ በዚያ እያራራቅሁ በየድሁ፤ ሙቀቱ አንድ ቦታ ከተጠራቀመ ወለሉ ይጣመማል። ዚንክ የተቀባ ላሜራ የምትበይዱ ከሆነ ዚንኩን ቀድማችሁ ፋቁ፤ ጭሱ ከሰዓታት በኋላ እንደ ወባ የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት ያስከትላል።

አራተኛው መጠበቅ ነው። መበየጃ መሣሪያ ሊደርስበት ባልቻለ፣ ላዩ ብቻ በዛገ ሥፍራ ፎስፈሪክ አሲድ ተጠቀምሁ፤ ዝገቱን ወደ ብረት ፎስፌት ይለውጠዋል። የተደራረቡ ላሜራዎች መካከል ግን አላስገባሁትም፤ ገብቶ የቀረ አሲድ ራሱ በላተኛ ነውና። በንጹሑ ብረት ላይ ዚንክ የበዛበት ቀለም ቀባሁ። ዚንክ ከብረት ይልቅ ኤሌክትሮኑን ለመስጠት የፈጠነ ስለሆነ፣ ቀለሙ ቢጫር እንኳ ቀድሞ የሚበላው እርሱ ነው። ሃምፍሪ ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1824 የመርከቦችን መዳብ ለማዳን ያቀረበው ሐሳብ መሠረቱ ይኸው ነው። በዚያ ላይ ኢፖክሲ ቀለም፤ በመጋጠሚያዎቹ ላይ ማሸጊያ፤ በመጨረሻም የሚለጠጥ የጠጠር መከላከያ። አዲሱ የፍሬን ቧንቧ ከገባ በኋላ ዘይቱን ሞልቼ አየሩን አወጣሁ፤ ፔዳሉን በሙሉ ኃይሌ ረግጬ፣ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በደረቅ ወረቀት ጠረግሁ። ወረቀቱ ደረቅ ሆኖ ወጣ።

አምስተኛው፣ ብዙዎች የሚረሱት፣ ለውኃ መውጫ መተው ነው። ፋብሪካው የተዋቸውን ቀዳዳዎች ከፈትሁ እንጂ አልደፈንሁም። ውኃ እንዳይገባ ማድረግ አንችልም፤ እንዳያድር ማድረግ ግን እንችላለን። አዲስ አበባ እንደ ሰሜን አውሮፓ በመንገዷ ላይ ጨው አትበትንም፤ ይህ ዕድላችን ነው። ነገር ግን የክረምት ጭቃችን ከሆድ ሥር ተጋግሮ እስከ መስከረም እርጥበት ይይዛል። ክረምት ሲወጣ ሆዷን አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አቁሟት። የተቃጠለ ዘይት መርጨት ግን ጎማ ነክ ክፍሎችን ያበላሻል፤ አፈርንም ይበክላል።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ አበው። እኔ የተማርሁት ግን ቅጠሉም እንደሚለይ ነው። እሳቱን የሚያጠፋ ቅጠል አለ፤ እሳቱን ከዓይን ብቻ የሚጋርድ ቅጠልም አለ። ሬንጄ ሁለተኛው ነበር። እናንተ ነገ ድልድይ ትመረምራላችሁ፤ የውኃ ታንከር ታጸድቃላችሁ፤ ፊርማችሁም በላዩ ይቀባል። ከመቀባቱ በፊት መዶሻውን አንሡና አዳምጡ።

መኪናዋ ዛሬ ከእህቴ ጋር ናት። በየዓመቱ በመስከረም ወደ ግቢዬ ይዛት ትመጣለች። እኔ ከሥሯ እገባለሁ፤ እህቴም አጠገቤ ቁጢጥ ብላ ባትሪ መብራቱን ትይዝልኛለች። አሁን የምትጠይቀኝ «ደህና ናት ወይ?» ብላ አይደለም፤ «አሳየኝ» ብላ ነው። አሳያታለሁ።