ፊደሉ የታረመው ዘር፦ ገበያውን የሚወስነው ስሙ ነው

የሰብልን ዘረመል በአንዲት ፊደል ብቻ ማረም የሚያስችለው ዘዴ የዘር ኩባንያዎችን የሳበው በሳይንሱ ብቻ አይደለም። ዘዴው ቀላል ይመስላል። በቤተ ሙከራ የተሠራ ኦሊጎኑክሊዮታይድ የተባለ አጭር የዲ ኤን ኤ ቁራጭ ወደ ሕዋሱ ይገባል፤ ከተፈለገው ጂን የሚለየው በአንዲት ፊደል ነው። የሕዋሱ የጥገና ሥርዓት ጂኑን በቁራጩ ልክ ያርመዋል፤ ቁራጩም ፈርሶ ይጠፋል። ባዕድ ጂን ስለማይቀር «ዘረመሉ የተለወጠ» ከሚለው ስምና ስሙ ከሚያስከትለው ወጪ ለማምለጥ ያመቻል።

ይሁንና እርማቱ የሚሳካው እጅግ በጥቂቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በበቆሎ ላይ በወጣው ጥናት ከ10 ሺህ ሕዋሳት በአንዱ ገደማ ነበር። ስለዚህ ተመራማሪዎች ፀረ አረም መድኃኒት መቋቋምን መረጡ፤ መድኃኒቱ ሲጨመር የታረመው ይተርፋል። በራሱ ጊዜ የተለወጠውም አብሮ ይተርፋል፤ ጣጣው እዚህ ላይ ነው።

የአሜሪካው ሲበስ ኩባንያ በኢትዮጵያ ከሚዘራው ጎመን ዘር ጋር የሚዛመደውን ካኖላ የዚህ ዘዴ ውጤት አድርጎ አስተዋውቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት የአዳዲሶቹ ዘዴዎች ውጤቶች በዘረመል ለውጥ ሕግ ሥር እንደሚወድቁ ወሰነ፤ ለረጅም ዘመን የተሠራባቸውን የጨረርና የኬሚካል ዘዴዎች ግን ነፃ አደረገ። በ2020 ግሪንፒስና ሌሎች ካኖላውን የሚለይ መመርመሪያ ይፋ ሲያደርጉ፣ ኩባንያው ለውጡ በሕዋስ እርባታ ወቅት በራሱ የመጣ መሆኑን አስታወቀ። የካናዳ ጤና መሥሪያ ቤትም ይህንኑ እንደ መላምት መዝግቦት ነበር። ሻጭ የራሱን መሣሪያ ሲክድ መስማት እንግዳ ነገር ነው። መመርመሪያው ደግሞ ፊደሏ መለወጧን ያሳያል እንጂ በምን እንደተለወጠች አይናገርም።