ድምፅ የሌላቸው ሰዎች ሰልፍ፤ በአሜሪካ በ2006 ዓ.ም. ስለ ታየው የስደተኞች እንቅስቃሴ

በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት በ2006 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) ከማርች ወር እስከ ሜይ መጀመሪያ ከአንድ መቶ በሚበልጡ ከተሞች ሕዝብ በብዙ ሺህ እየሆነ ወደ አደባባይ ወጣ። ሰልፍ በዚያ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። ይህን ሰልፍ ለማኅበራዊ ኑሮ ጥናት ልዩ የሚያደርገው ከተሰለፉት ብዙዎቹ የመምረጥ መብት የሌላቸው፥ ከእነርሱም መካከል ብዙዎቹ የመኖሪያ ፈቃድ እንኳ ያልነበራቸው መሆናቸው ነው። ዘመኑን ሁሉ ከባለሥልጣን ዓይን ተሰውሮ የኖረ ሰው ሚስቱንና ልጆቹን አስከትሎ በቀትር ብርሃን በከተማው ዋና መንገድ ይሄድ ዘንድ ምን አነሣሣው?

የቅርቡ ምክንያት የታወቀ ነው። ዲሴምበር 16 ቀን 2005 ዓ.ም. የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት በቍጥር 4437 የሚታወቀውን የሕግ ረቂቅ በ239 ድምፅ ለ182 አሳለፈ። አቅራቢው የዊስኮንሲን እንደራሴ ጄምስ ሴንሰንብሬነር ነበሩ። እስከዚያ ድረስ ያለ ፈቃድ በአገር ውስጥ መገኘት ከአገር የሚያስወጣ ጥፋት ነበር እንጂ ብቻውን ወንጀል አልነበረም፤ ረቂቁ ግን ከባድ ወንጀል ሊያደርገው አሰበ። ፈቃድ የሌለውን ሰው የሚረዳውም በሕግ እንዲጠየቅ የሚያደርግ አንቀጽ ስለ ነበረበት፥ ምግብና መጠለያ የሚሰጡት አብያተ ክርስቲያናት ነገሩ እነርሱንም እንደሚነካ ተረዱት። የሎስ አንጀለስ ሊቀ ጳጳስ ካርዲናል ሮጀር ማሆኒ ሕጉ ቢጸና ካህናቶቻቸው እንዳይታዘዙት እንደሚያስተምሩ በዐቢይ ጾማቸው መግቢያ ገለጹ። በኢትዮጵያ ብዙ ሰው «ዲቪ» እያለ የሚጠራው የዕጣ ቪዛም በዚሁ ረቂቅ እንዲሰረዝ ተወስኖ ነበር። ስለዚህ ነገሩን የሜክሲኮ ሰዎች ጉዳይ ብቻ አድርጎ መመልከት ስሕተት ነው።

የሩቁ ምክንያት ግን በቤተ ሰቡ አኗኗር ውስጥ ይገኛል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ወደ 2.7 ሚሊዮን ለሚሆኑ ሰዎች ፈቃድ ሰጠ። ከዚያ ወዲህ ለመጡት ግን እንዲህ ያለ በር አልተከፈተም። ቀድሞ የሜክሲኮ ሠራተኛ ለመከር ወይም ለግንባታ ሥራ ተሻግሮ ጥቂት ወራት ከሠራ በኋላ ወደ መንደሩ ይመለስ ነበር። ከ1990ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ድንበሩ እየጠበቀ፥ መሻገሪያውም አደገኛና ውድ እየሆነ ሲሄድ፥ አንድ ጊዜ የገባው መመለስን ትቶ ቤተ ሰቡን ወደ ራሱ አመጣ። ጥበቃው መግቢያውን ብቻ ሳይሆን መውጫውንም ዘጋ ማለት ነው። በአሜሪካ የሚወለደው ልጅ በሕገ መንግሥቱ ዜጋ ስለ ሚሆን፥ አባት ያለ ፈቃድ፥ እናት በጊዜያዊ ፈቃድ፥ ልጅ በዜግነት በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩበት ቤት በዛ። በ2006 ዓ.ም. ፈቃድ የሌላቸው ሰዎች ከ11 እስከ 12 ሚሊዮን ይገመቱ ነበር። አባትን ወንጀለኛ የሚያደርግ ሕግ ዜጋውን ልጅ ወደ አደባባይ ማውጣቱ አያስገርምም። ሰልፉ በሕፃናት ጋሪና በአያቶች የተሞላውም ስለዚህ ነው።

ሕዝቡን የጠራው ማን ነው? የሠራተኛ ማኅበራትና አብያተ ክርስቲያናት፥ ከአንድ መንደር የመጡ ሰዎች ያቋቋሟቸው ማኅበራትም ድርሻ ነበራቸው። ከሁሉ ይልቅ የተሰማው ግን በእስፓንኛ የሚናገረው ራዲዮ ነው። በሎስ አንጀለስ የጧት ዝግጅት አቅራቢዎች፥ «ፒዮሊን» የሚባለው ኤድዋርዶ ሶቴሎና «ኤል ኩኩይ» የሚባለው ሬናን አልሜንዳሬስ ኮኤዮ፥ በአድማጭ ብዛት የሚፎካከሩ ሲሆኑ ለዚህ ጉዳይ ተባበሩ። ራሱ ሶቴሎ በወጣትነቱ ያለ ፈቃድ የተሻገረ ሰው ነበር። በወጥ ቤትና በግንባታ ቦታ፥ በጭነት መኪናም ውስጥ የሚሰማው ይህ ድምፅ፥ የፖለቲካ ንግግር በማይደርስበት ስፍራ ይደርስ ነበር። ምክሩም ተራ የቤት ምክር ይመስላል፤ ነጭ ልብስ ልበሱ፥ የአሜሪካን ባንዲራ ያዙ፥ ቤተ ሰባችሁን ይዛችሁ ኑ፥ የወደቀውን ቈሻሻ የምትሰበስቡበት ከረጢት አትርሱ።

ማርች 10 ቀን በቺካጎ ወደ መቶ ሺህ የሚገመት ሕዝብ ወጣ። ማርች 25 ቀን በሎስ አንጀለስ የወጣውን ፖሊስ ራሱ ግማሽ ሚሊዮን ሲል ገመተው፤ አዘጋጆቹ ከዚያ አብልጠው ይናገራሉ። አፕሪል 10 ቀን ሰልፉ በመላው አገር ሆነ። ይህ ቀን ሴዛር ቻቬስ የመራው የእርሻ ሠራተኞች ጉዞ ከዴላኖ ተነሥቶ ሳክራሜንቶ የደረሰበት አርባኛ ዓመት ነበር። የ1966ቱ ጉዞ የጓዳሉፔን እመቤት ሥዕል ከፊት አስቀድሞ በጾም ወራት ተጕዞ በፋሲካ ዕለት የተፈጸመ ስለ ነበር፥ የኢትዮጵያ አንባቢ ከፖለቲካ ሰልፍ ይልቅ ምህላን ቢያስብ ብዙ አልራቀም። በ2006ቱም ሰልፍ ሥዕሏ እዚህም እዚያም ታይታለች። «ሲ ሴ ፑዌዴ»፥ ማለት «አዎን ይቻላል» የሚለው ጩኸትም ከእርሻ ሠራተኞቹ ማኅበር የተወረሰ ነው።

የባንዲራው ነገር ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። በመጀመሪያዎቹ ሰልፎች የሜክሲኮ ባንዲራ በብዛት በመውጣቱ ተቃዋሚዎች «እነዚህ ሰዎች ልባቸው ከሌላ አገር ነው» እያሉ ተቈጡ። በአፕሪል የአሜሪካው ባንዲራ በዛ። አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን ለይምሰል የተደረገ ነው ብለውታል፤ ፍርዱ ግን የቸኰለ ይመስላል። በሰልፍ የሚያዝ ምልክት የያዡን ልብ ከመግለጥ ይልቅ ለተመልካች የሚነገር ቃል ነውና፥ ሁለቱን ባንዲራ በሁለት እጁ የያዘ ልጅ አንዱን ለአያቱ፥ ሁለተኛውን ለምክር ቤቱ አንሥቶታል ማለት ይቻላል።

ሜይ 1 ቀን ሥራ የማቆም ጥሪ በቀረበ ጊዜ መሪዎቹ ተከፋፈሉ። ካርዲናል ማሆኒና ሌሎች ሰው ሥራውንና ትምህርቱን ሳይተው ከሰዓት በኋላ እንዲሰለፍ መከሩ፤ ስለዚህም በሎስ አንጀለስ አንዱ በቀትር፥ ሁለተኛው ወደ ማታ፥ ሁለት ሰልፍ ተደረገ። አንዳንድ ትልልቅ የሥጋ ፋብሪካዎች በዚያ ቀን ተዘጉ፤ በሎስ አንጀለስ ወደብም የጭነት መኪናዎች ቍጥር እጅግ ቀነሰ። የሚያስደንቀው፥ የሠራተኞች ቀን በ1886 ዓ.ም. ከቺካጎ ክርክር የተወለደ ሲሆን አሜሪካ የራሷን በዓል በሴፕቴምበር አድርጋ ትታው መኖሯ ነው። መልሰው ያመጡት ስደተኞቹ ናቸው።

ውጤቱ ድብልቅ ነው። ረቂቁ ሕግ ሳይሆን ቀረ። የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ሜይ 25 ቀን ለብዙዎች ፈቃድ የሚያስገኝ ሌላ ረቂቅ በ62 ድምፅ ለ36 ቢያሳልፍም፥ የእንደራሴዎቹ ምክር ቤት አልተቀበለውም። በኦክቶበር ፕሬዚዳንት ቡሽ የድንበር አጥር ሕግ ፈረሙ። በዲሴምበርም በስድስት ክፍላተ ሀገር በሚገኙ የሥጋ ፋብሪካዎች ወደ 1,300 ሠራተኞች ተያዙ። በ2007 የተሰለፈው ሕዝብ በብዙ ያነሰ ነበር። ፍርሃት ያሳነሰው መሆኑን መገመት አያስቸግርም፤ ይሁን እንጂ የሚቃወሙት ረቂቅ መሞቱም ራሱ ሰልፈኛውን በትኖታል። ክፉ ሕግ ለመከልከል መሰብሰብ መልካም ሕግ ለማስወጣት ከመሰብሰብ ይቀላል። በ2013 ዓ.ም. የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት በ68 ድምፅ ለ32 ያሳለፈው ሰፊ ረቂቅም በሌላው ምክር ቤት ለድምፅ ሳይቀርብ ቀርቷል። ይህኛውም ቢሆን የዕጣ ቪዛውን የሚሰርዝ ነበር።

ሰልፈኞቹ «ዛሬ እንሰለፋለን፤ ነገ እንመርጣለን» ይሉ ነበር። በ2007 ዓ.ም. የዜግነት ማመልከቻ ከቀድሞው እጅግ በዝቶ ከአንድ ሚሊዮን አልፏል፤ ይህን ሁሉ ለሰልፉ መስጠት ግን አይገባም፤ በጁላይ መጨረሻ ክፍያው እንደሚጨምር ታውቆ ስለ ነበረ ብዙ ሰው የቸኰለው በዚያም ምክንያት ነው። በዚያ ዓመት በአሜሪካ ተወልደው በጋሪ እየተገፉ የተሰለፉት ሕፃናት በ2024 ዓ.ም. 18 ዓመት ሞልቷቸው ለመምረጥ በቅተዋል። ጋሪውን ለገፋው አባት ግን እንደ 1986ቱ ያለ ሕግ ከዚያ ወዲህ አልወጣም።