የበዓል ማግስት የውሾች ሆድ ሕመም ለበጉም ለቤተሰቡም ይተርፋል

የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ከከተማዋ ወጣ ሲሉ ማሽላና ጤፍ፣ መስኖ በደረሰበት ደግሞ ማንጎና ፓፓያ ይታያል። በዚህ አካባቢ ውሻ ለጌጥ አይያዝም። ማሽላው እሸት ሲይዝ ዝንጀሮና ጃርት ያሰጉታል፤ ሌሊት ደግሞ ጅብ በረቱን ይዞራል። አንዱ ማሳው ላይ፣ ሌላው በረቱ ዘንድ ስለሚያስፈልግ አንድ አባወራ ሁለት ሦስት ውሻ ቢያሳድር የሚገርም አይደለም።

እነዚህ ውሾች በዓመቱ ውስጥ ጠግበው የሚያድሩባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው፤ የበዓል ቀናት። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎረቤት በሆነበት አገር ደግሞ ገና ሲያልፍ ፋሲካ፣ ኢድ ሲያልፍ ዓረፋ ይመጣል፤ እርድ አይጠፋም። በግቢ ከታረደው በግ ሰው የማይበላው ሳንባ፣ የተበላሸ ጉበት፣ አንጀትና ጭንቅላት ለውሾቹ ይጣላል። በማግስቱ ግቢው በትውከትና በተቅማጥ ተበላሽቶ ይገኛል። የማን እንደሆነ ግን አይታወቅም።

ከአንድ በላይ ውሻ ባለበት ቤት ችግሩ የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ውሾች በአንድ ላይ ሲበሉ ይሻማሉ፤ ጉልበተኛው ሳያኝክ ይውጣል፣ ደካማው ደግሞ የተረፈውን አጥንት ይለቅማል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚደረገው መድኃኒት ፍለጋ ሳይሆን መለየት ነው። እያንዳንዱን በየራሱ ገመድ አራርቆ ማሰር፣ ለየብቻ ዕቃ ውኃ ማስቀመጥና አንድ ቀን መከታተል የታመመውን ያሳያል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ከታመሙ በጋራ የበሉትን ነገር ማሰብ ያስፈልጋል። አንዱ ብቻ ከታመመና ሌሎቹ ከቀናት በኋላ ከተከተሉት ግን ተላላፊ በሽታ ሊሆን ይችላል።

በጋራ ከሚበሉት መካከል አርሶ አደሩ ልብ የማይላቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የዶሮ ወጥ ትራፊ ነው። ሽንኩርት ጥሬም ሆነ የተቀቀለ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያጠፋል፤ ወጡ ደግሞ የሚሠራው በሽንኩርት ነው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም እየተሰነጠቀ አንጀት ይወጋል። ሁለተኛው ለሰው አይሆንም ተብሎ ለውሻ የሚሰጥ የሻገተ በቆሎና ማሽላ ነው። በሻጋታው የሚፈጠረው አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ የውሻን ጉበት ይጎዳል፤ ተፈጭቶ ገንፎ ቢሆንም በመቀቀል አይጠፋም።

ቀላል የሆድ ሕመም ያለበትን ትልቅ ውሻ ለግማሽ ቀን ያህል ምግብ ከልክሎ ንጹሕ ውኃ በጥቂት በጥቂቱ መስጠት ይረዳል። ለሰው የሚሰጠው ለምለም የሚባለው የኦአርኤስ ዱቄት በአንድ ሊትር ውኃ ተበጥብጦ ከተጠጣለት የወጣውን ፈሳሽ ይተካል። ከዚያ ቅባትና ጨው የሌለው የተቀቀለ ሩዝ በትንሽ በትንሹ ይቀጥላል። ቡችላ ግን እንዲህ መጾም የለበትም፤ ቶሎ ይደክማል። ከቤት የተገኘ ፓራሲታሞል፣ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን መስጠትም ከሕመሙ የባሰ ጉዳት ያስከትላል።

ደም የቀላቀለና የሚከረፋ ተቅማጥ፣ የማያቆም ትውከት፣ የተነፋ ሆድ ወይም መንቀጥቀጥ ከታየ ጉዳዩ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። አትክልት በሚረጭበት ሰሞን መንቀጥቀጥና ለሃጭ ከታየ የተረጨውን መድኃኒት ስም ለባለሙያው መንገር ሕክምናውን ያፋጥናል። ከ6 ሳምንት እስከ 6 ወር ባለ ቡችላ ላይ ደም ያለው ተቅማጥ ሲመጣ ፓርቮ የተባለው የቫይረስ በሽታ ይጠረጠራል። ቫይረሱ በግቢ አፈር ላይ ለወራት ስለሚቆይ ቡችላው ከሌሎች መነጠል አለበት። ዕቃውና ሲሚንቶ ወለሉ አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውኃ ተቀላቅሎ ይታጠባል።

አንድ ምልክት ግን ከሆድ ሕመም ጋር ፈጽሞ መምታታት የለበትም። ለሃጩን የሚያዝረበርብ፣ መንጋጋው የወደቀ፣ መዋጥ ያቃተው ውሻ ብዙ ጊዜ አጥንት የተሰነቀረበት ይመስላል። የእብድ ውሻ በሽታም እንዲሁ ያደርጋል። አጥንቱን ላውጣ ብሎ እጅ ወደ አፉ መስደድ ሕይወት ያስከፍላል። ንክሻ ወይም ለሃጭ የነካው ቁስል ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና ይታጠባል፤ ሰውየውም በዚያው ቀን ጤና ተቋም መድረስ አለበት።

የበዓሉ ጥሬ ሆድ ዕቃ ከትውከቱ በኋላም ጣጣ አለው። በጎች በአንድ አቅጣጫ እየዞሩ የሚወድቁበትን አዙሪት የደጋውም የቆላውም አርቢ ያውቀዋል። መንሥኤው በበጉ አንጎል ውስጥ የሚያድግ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ነው። የዚህን በግ ጭንቅላት ጥሬውን የበላ ውሻ በአንጀቱ የኮሶ ዘመድ የሆነ ትል ያፈራል፤ እንቁላሉን ከኩሱ ጋር ግጦሽ ላይ ይጥላል፤ ሌላው በግ ከሣር ጋር ይበላዋል። በጉበትና በሳንባ ላይ የሚታየው ውኃ ያዘለ እብጠትም ተመሳሳይ ዑደት አለው። የዚህኛው ትል እንቁላል ግን ሰውንም ይይዛል፤ በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥ እብጠቱ ለዓመታት በዝግታ ያድጋል። ትሉ ከ7 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ የያዘው ውሻም ብዙውን ጊዜ ጤነኛ ይመስላል። ውሻው ባያስመልስም ከትሉ ነጻ ነው ማለት አይደለም።

መከላከያው ውድ አይደለም። እብጠት ያለበት ጉበትና ሳንባ 30 ደቂቃ ከፈላ ከረጢቱ ይሞታል፤ ማገዶ ከሌለ ውሻ ቆፍሮ የማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ይበቃዋል። የበግ ጭንቅላትም እንዲሁ ነው።

ቀሪው ሥራ የወረዳው ነው። ዓመታዊው የግብርና ናሙና ጥናት ከከብቱ አንስቶ ዶሮና የንብ ቀፎ ሳይቀር ይቆጥራል፤ ውሻ ግን በሠንጠረዡ የለም። ያልተቆጠረ እንስሳ ደግሞ መድኃኒት አይያዝለትም። ለከብት የሚመጣው አይቨርመክቲን የኮሶ ትልን አይገድልም፤ አንድ ጊዜ የሚሰጥ አልቤንዳዞልም ለውሻው አስተማማኝ አይደለም። የሚፈለገው ፕራዚኳንቴል ነው፤ ሰዎች ለብልሃርዝያ የሚወስዱት ያው መድኃኒት። መጠኑ በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ስለሆነ 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ 100 ሚሊ ግራም ይበቃዋል። የቀበሌው የእንስሳት ክሊኒክ የበግ ክትባት በሚሰጥበት ቀን ውሾቹም ቢመጡ ተጨማሪ ጉዞ አይጠይቅም።

በአንድ ቤት ያሉ ውሾች ሁሉ በአንድ ቀን መውሰድ አለባቸው፤ አንዱ ከቀረ ግጦሹን መልሶ ይበክላል። ጥሬ ሆድ ዕቃ የማግኘት ዕድል ካላቸው በየ6 ሳምንቱ ይደገማል። መድኃኒቱ ትሉን እንጂ እንቁላሉን ስለማይገድል ውሾቹ ለሁለት ቀን ታስረው ይቆያሉ፤ በእነዚያ ቀናት የወጣው ኩስ በአካፋ ተሰብስቦ ይቃጠላል ወይም በጥልቅ ይቀበራል፤ የሰበሰበውም ሰው እጁን በሳሙና ይታጠባል።